የኒንፋ ኮክ

ዶና ጋንዶልፋ የሠራችውን ፍሬ የሚበላ ሰው አትወድም ነበር። አትወድም ማለት ያንሳል፤ ትንቀው ነበር። ፓሌርሞ ውስጥ፣ ከባላሮ ገበያ ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቋ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አልሞንድ ልጣ፣ ከስኳር ጋር ፈጭታ አቡክታ፣ ሊጡን በጄሶ ቅርጽ ጠቅጥቃ፣ አድርቃ፣ በቀጭን ብሩሽ እየቀባች ሎሚ፣ ሮማን፣ የቁልቋል በለስና ኮክ ስታወጣ ኖራለች። ከእውነተኛው የሚለየው ሰው አልነበረም። ዝንብ ያርፍበታል። አንድ ጊዜማ ንብ መጥታ ተሸውዳ ሄዳለች፤ ይህን ያልሰማ የሰፈር ሰው የለም፣ ሰምቶ ያልሰለቸውም የለም። ዝንብ የሚመጣው እኮ ስኳር ስለሆነ ነው ያለ አንድ ፀጉር አስተካካይ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሱቋ ደጃፍ ዝር ብሎ አያውቅም። እንግዲህ ይህን የመሰለ ነገር አፉ ውስጥ ከቶ የሚያመነዥክ ሰው ለእሷ ከበሬ አይሻልም።

በቀደም የአንድ ጠበቃ ሚስት መጥታ አንዱን ሎሚ አገላብጣ አየችና፣ «ዶና ጋንዶልፋ፣ ይሄ ስንት ቀን ሳይበላሽ ይቆያል?» አለቻት።

«ለምን?»

«እሁድ እንግዳ አለብኝ። ከምሳ በኋላ እንድንበላው ነበር።»

«ምሳው አያጠግባችሁም? ከራባችሁ እታች ዳቦ ቤት አለ።»

ሴትዮዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ጋንዶልፋ አልሳቀችም። ሎሚው ይኸው እስከ ዛሬ በጠበቃው ሳሎን፣ በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ አቧራ እየጠጣ ተቀምጧል። ጋንዶልፋ ይህን ስትሰማ ደስ አላት።

ጠዋት ጠዋት ገበያ ወርዳ የምትመርጠው የተመታውን፣ የተላጠውን፣ ትል የጀመረውን ነው። ነጋዴው ዶን ካሎ ገና ከሩቅ ሲያያት፣ «ዛሬ ደግሞ የትኛውን በሽተኛ ልትወስጂ ነው?» ይላታል። «ጤነኛውን ላንተ ትቼልሃለሁ፣ እርስ በርስ ትጽናናላችሁ» ትለዋለች። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ነቁጥ የሌለው ኮክ ማንንም አያታልልም፤ ከዛፍ የወረደ ፍሬ ጠባሳ አለው። የከተማው ጣፋጭ ሠሪዎች ይህ አይገባቸውም። ሁሉም የሚያብረቀርቅ አሻንጉሊት እየሠሩ ፍሬ ነው ይላሉ። ሁሉንም ትንቃቸዋለች፤ አንዷን ግን ከሁሉም አስበልጣ።

ያቺ አንዷ እህቷ ኒንፋ ነበረች። ሱቋ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነበር። ሁለቱንም ሙያውን ያስተማረቻቸው አንዲት መነኩሲት ናት፤ የተለያዩትም በሙያው የተነሳ ነው። ጋንዶልፋ ገና በወጣትነቷ እህቷን በሰው ፊት «እጅሽ ለቂጣ እንጂ ለፍሬ አልተፈጠረም» አለቻት። ኒንፋ ዕቃዋን ሰብስባ ማዶ ተሻገረች። ከዚያ ወዲያ አርባ ዓመት ለቅሶ ቤት ካልሆነ በቀር አልተነጋገሩም።

የኒንፋ ኮክ ደግሞ ኮክ ለመባል ይሉኝታ ማጣት ይጠይቃል። ጉንጩ ሠርግ ቤት ሲጠጣ የዋለ ሰው ጉንጭ ነው። ቅጠሉን ሁልጊዜ ወደ ግራ አጋድማ ስለምትሰካው ባርኔጣውን ያዘነበለ ዱርዬ ይመስላል። ላዩ እንዲያብለጨልጭ የሚቀባውን የግራር ሙጫ ታበዛዋለች፤ በየእንብርቱ የምትሰካው ቅርንፉድ አንዴም መሀል ላይ ውሎ አያውቅም። ልጆች ግን ሱቋ በር ላይ ይሰለፉ ነበር። ጋንዶልፋ ለዚህ ያላት መልስ አንድ ነው፤ ልጅ ዓይን የለውም።

ኒንፋ ዘንድሮ ከፋሲካ በፊት ሞተች። ቀብሯ ላይ ጋንዶልፋ የአበባ ጉንጉኑን ቀለም ስትነቅፍ ዋለች።

የሙታን ቀን አሥር ቀን ሲቀረው የኒንፋ ልጅ ኦሊቫ ወደ ጋንዶልፋ ሱቅ ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ መርከበኛ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ አለቻቸው፣ ቪታ የምትባል።

«እንደምን ዋሉ አክስቴ?»

«እንደምታዪኝ ነው፤ አልሞትኩም። ምን ፈለግሽ?»

«ኮክ።»

«ሞልቷል፤ ምረጪ። እጅሽን ታጥበሻል?»

«የእርስዎን አይደለም አክስቴ። የእማዬን ነው የምፈልገው።»

ጋንዶልፋ ብሩሿን አስቀመጠች። «እናትሽ ሞታለች እኮ ልጄ።»

«አውቃለሁ። የቀበርኳት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ኦሊቫ ቁጭ አለችና ነገሩን ዘረዘረችው። በአገሩ ልማድ በሙታን ቀን ማለዳ ልጆች፣ ሙታኖቻቸው በሌሊት አምጥተው የደበቁላቸውን የጣፋጭ ቅርጫት ከየጥጉ ይፈልጋሉ። ኒንፋ ታማ ተኝታ ሳለ ለቪታ ቃል ገብታላት ነበር፤ ለሙታን ቀን ራሴ የሠራሁትን ኮክ ይዤልሽ እመጣለሁ ብላ። ልጅቷ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አንዲት ጠብታ እንባ አልጣለችም። ለምን ታለቅሳለች? አያቷ ትመጣለች። ቀን እየቆጠረች ነው።

«የእማዬን እጅ ከሺህ ትለያለች» አለች ኦሊቫ። «የሌላ ሰው ኮክ ካገኘች አያቴ አልመጣችም ትላለች። ለእሷ እማዬ የምትሞተው ያን ቀን ነው።»

«እና እኔ፣ ጋንዶልፋ፣ ያንን ጉድ ልሥራ? ሰው ቢያየኝ ምን ይላል? አረጀች፣ ዓይኗ ጠፋ፣ እህቷን ሆነች ይበለኝ?»

«ማንም አያይም። ቪታ ብቻ ናት።»

«ለምን ራስሽ አትሠሪውም? ከእናትሽ የከፋ እጅ ሊኖርሽ አይችልም።»

«ሞከርኩ። ድንች መሰለ።»

«ድንች ከሆነማ ከእናትሽ ይሻላል። ድንች ቢያንስ በዓለም ላይ ያለ ነገር ነው።»

ኦሊቫ ተነስታ ነጠላ ጫማዋን አስተካከለች። «ይሁን አክስቴ። የማይችሉት ከሆነ ይተዉት» አለች በቀስታ።

ይህችን ቃል አውቃ ትጣላት ሳታውቅ እግዚአብሔር ይወቅ። ጋንዶልፋ ደሟ ፈላ። «የማልችለው? እኔ የማልችለው? ውጪልኝ ከዚህ! ከሙታን ቀን አንድ ቀን አስቀድመሽ ነይ።»

መጥፎ መሥራት ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያውን ኮክ ጉንጩን አቀላችው፤ ግን እጇ ሳትነግረው ዳር ዳሩን አለስልሶ ወደ ቢጫው አዋሃደውና ፀሐይ የነካው ኮክ ሆኖ አረፈው። ጣለችው። በሁለተኛው ላይ ቅጠሉን አጋደለችና ደስ ሲላት፣ ሳታስበው ከእንብርቱ አጠገብ ትል የበላት የምትመስል ነጥብ አስቀምጣ አገኘችው። ሦስተኛውን በንዴት ቀለም ደፋችበት። የኒንፋ ኮክ አልሆነም፤ ጭቃ ውስጥ የወደቀ የጋንዶልፋ ኮክ ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ ስትሳደብ ዋለች፤ ኒንፋን፣ ኦሊቫን፣ መነኩሲቷን ሳይቀር።

በሦስተኛው ቀን ወንበሯን አዞረችና ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ዓይኗን ጨፈነች። ያኔ ኒንፋ መጣችላት። ከታች ትጀምራለች። ብሩሹን ሦስት ጊዜ ጫን ጫን ታደርጋለች፤ ሦስተኛው ላይ እጇ ይንሸራተታል፣ ከገዢ ጋር ወሬ ማቋረጥ ስለማትወድ። ቅጠሉን የምትሰካው ኮኩን ሳይሆን የምታነጋግረውን ልጅ እያየች ነው፤ ለዚህ ነው የሚጋደለው። ሙጫውን ሁለቴ የምትቀባው መቀባቷን ስለምትረሳ ነው። ሁሉም ነገር አንድም ሳይጎድል ጋንዶልፋ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አርባ ዓመት በመስኮት አሻግራ እህቷን በንቀት ስታይ፣ ማንንም በፍቅር ያን ያህል አይታ አታውቅም። ይህን ማወቋ አላስደሰታትም፤ ከንፈሯን ነክሳ ሥራዋን ቀጠለች።

ስድስት ሠራች። ኦሊቫ በቀጠሮዋ መጥታ ሳህኑን ስታይ ያገኘችው ወንበር ላይ ተቀምጣ አፏን በእጇ ያዘች።

«እማዬ» አለች።

«አታልቅሽበት፣ ቀለሙ ይለቃል» አለቻት ጋንዶልፋ። ግን ኮርታ ነበር። በመጥፎ ሥራም ቢሆን የሚደርስባት እንደሌለ አረጋግጣለች።

በሙታን ቀን ማለዳ ጥቁር ሻርፗን ደርባ ወደ ኦሊቫ ቤት ሄደች። መቃብር አብረን እንሂድ ብዬ ነው አለች። እውነቱ ግን ድሏን ለማየት ነው የመጣችው። ወንበር ስባ፣ ዱላዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ጠበቀች።

ቪታ በሌሊት ልብሷ ቤቱን ታምሰው ጀመር። አልጋ ሥር አየች፣ ምድጃው ኋላ አየች፣ በመጨረሻ ከልብስ ስፌት መኪናው ጀርባ ቅርጫቱን ጎትታ አወጣች።

«መጣች! እማዬ፣ አያቴ መጣች!»

አንዱን ኮክ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጋንዶልፋ ሮጠች። «አዩልኝ እማማ ጋንዶልፋ! ቅጠሉን አዩት? ጉንጩንስ? የእርስዎ እንደዚህ አያምርም።»

«አያምርም» አለች ጋንዶልፋ። ሆዷ ግን በደስታ ተሞልቶ ነበር። ንቢቷ ምን ታውቃለች፤ ማታለል ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ቪታ ኮኩን ነከሰችው።

ጋንዶልፋ ይህን አላሰበችበትም። በሃምሳ ዓመት ውስጥ የሠራችውን ፍሬ እፊቷ ቆሞ የነከሰ ሰው አልነበረም። ልጅቷ አላመጠች፤ ከዚያ ማላመጧ እየቀነሰ መጣ፤ ከዚያ ቆመ። አፏ እንደሞላ እናቷን አየች።

«ምነው?» አለች ኦሊቫ።

«የአያቴ አይደለም።» ቪታ የነከሰችውን ቦታ አገላብጣ አየች። «አይ፣ የእሷ ነው። ግን ረሳችው። የሚጣፍጠውን ነገር ረሳችው።»

«የቱን?»

«እንጃ። የሚጣፍጠውን።» ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «እማዬ፣ ሰው ሲሞት ይረሳል? ኮኩን ከረሳችው እኔንም እየረሳችኝ ነው።»

እና ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ያላለቀሰችው ልጅ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። ኦሊቫ ወደ አክስቷ ዞረች። ዓይኗ አንድ ነገር ይጠይቅ ነበር፤ ምን ነበር ውስጡ?

ምን ነበር? ማር? የብርቱካን ልጣጭ? ቀረፋ? ጋንዶልፋ አታውቅም። ኒንፋ በየዓመቱ ለሙታን ቀን አንድ ሳህን ኮክ ትልክላት ነበር። ጋንዶልፋ ሳህኑን ለደንበኞቿ እያሳየች ስትስቅበት ትውልና ሲመሽ ከቆሻሻ ጋር ትደፋዋለች። አርባ ሳህን። አንዱን እንኳ በምላሷ ነክታው አታውቅም። ቀለሙን፣ ቅጠሉን፣ የብሩሹን መንሸራተት ሁሉ ታውቃለች፤ የሚበላ ነገር መሆኑን ግን ረስታዋለች። ደደብ፣ አለች በልቧ፤ ከተማውን ሁሉ ስትሰድብበት በኖረችው ቃል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን።

እኔ ነኝ የሠራሁት ብትል ኒንፋ አልመጣችም። ዝም ብትል ኒንፋ ልጅቷን ረስታታለች።

«አያትሽ አልረሳችም» አለች ጋንዶልፋ።

ቪታ ቀና አለች።

«እኔ ነኝ የሠረቅኩሽ። ማለዳ ስመጣ ቅርጫቱን ቀድሜሽ አገኘሁት። እሷ ያመጣችልሽን በላሁና አስመስዬ የሠራሁትን የራሴን አስቀመጥኩበት።»

«አክስቴ!» አለች ኦሊቫ።

«ዝም በይ አንቺ። ለልጅቷ ነው የምነግራት።»

«ለምን ሠረቁኝ?» አለች ቪታ።

«ቀንቼ።» ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ውሸት አልመሰላትም። «ድሮም እቀናባት ነበር።»

«ሁሉንም በሉት?»

«ሁሉንም።»

«ይጣፍጥ ነበር?»

ልጅቷ መልሱን እየጠበቀች ነበር፤ ከልቅሶዋ ሁሉ የቀረው ይህ ጥያቄ ነበር።

«እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር በዕድሜዬ አልቀመስኩም» አለች ጋንዶልፋ።

ቪታ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ተነስታ አሮጊቷን ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ ድረስ ቀስ ብላ አየቻት፤ አንዱ የከንፈሯ ዳር ወደ ላይ ተሰብስቧል። ጋንዶልፋ ያንን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ስታይ የኖረችበት ነው፤ ታይታበት ግን አታውቅም።

«ሌባ» አለች ልጅቷ።

«ቪታ!»

«ተያት» አለች ጋንዶልፋ። «እውነቷን ነው።»

ቪታ የነከሰችውን ኮክ ከሌሎቹ ጋር መለሰችና ቅርጫቱን አንስታ ጋንዶልፋ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄን ያንቺን ይዘሽ ሂጂ» አለቻት። «በሚመጣው ዓመት ካንቺ ቀድሜ ነው የምነሳው።»