ስንት ዓመት ይጫወትበታል

እኔ ነጋዴ ነኝ። አሰላ ገበያ ዳር እናቴ የተወችልኝን ሱቅ ይዤ ጆንያ፣ ሸራና ሲባጎ ስሸጥ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ከኢተያም ከሳጉሬም የሚመጣ ገበሬ ፈይሩዛን ያውቃታል። ምላሷ ሹል ነው ይላሉ። ይበሉ። ወንድ በሞላበት ገበያ ለስላሳ ምላስ ይዤ ብቀመጥ ኖሮ ይሄኔ ሱቁንም እኔንም ጠቅልለው ወስደውናል። ዋጋ ስጠየቅም ስጠይቅም አፌ ተይዞ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሐምሌ ላይ፣ ይስሃቅ ሱቅ ውስጥ ተያዘ።

ይስሃቅ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከሥራ ሲወጣ መናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣል። እሱ ዘንድ የላከኝ ወንድሜ ነስረዲን ነው። ጌም የሚጫወትበት ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ግራፊክስ ካርድ የሚሉት ነገር ተቃጥሎበት፣ ሳምንት ሙሉ ጥቁር መስታወት ላይ አፍጥጦ ከርሟል። እኔ ስለ ካርዱ የማውቀው ስዕሉን የሚያመጣው እሱ መሆኑን ብቻ ነው።

ይስሃቅ ሁለት ካርቶን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ።

«ይሄ ባለ ስምንት ጊጋው ነው፤» አለ። «ዛሬ ያሉትን ጌሞች ያለ ችግር ያጫውታል። ግን ጌሞቹ በየዓመቱ እየከበዱ ነው የሚመጡት። ሁለት ዓመት በደንብ ይሠራል፣ ከዚያ ማነከስ ይጀምራል። ይሄ ደግሞ ባለ አሥራ ስድስቱ። ዋጋው ከእጥፍ በላይ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን ስድስት ሰባት ዓመት ንቅንቅ አይልም።»

ዋጋቸውን ነገረኝ። በትልቁ ዋጋ ሁለት የወተት ላም ይገዛል።

«እና አንተ የቱን ትመክረኛለህ?» አልኩት።

«እሱ እንደ ተጫዋቹ ነው፣ እህቴ። ልጁ ስንት ዓመት ይጫወትበታል?»

ምንም ክፋት የለበትም። እኔም ደንበኞቼን በቀን ሃያ ጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ ነው። አፌን ከፈትኩ፣ የሚወጣ ነገር ግን የለም። መጨረሻ ላይ የመጣልኝ ቁጣ ነው።

«አንተ ዕቃህን ሽጥ፤ የሰው ዓመት ምን አገባህ» ብዬው ዝናብ ውስጥ ወጣሁ። ምስኪኑ ሁለቱን ካርቶኖች ይዞ ቆሞ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነስረዲን የልብ ሕመምተኛ ነው። ልጅ እያለ ጉሮሮውን ቶሎ ቶሎ ያመው ነበር። የአሰላ ብርድ ነው ብለን ዝንጅብል እያፈላን አጠጣነው፣ አንገቱን በሻርፕ ጠመጠምነው። ለካ በሽታው ልቡ ላይ ወርዶ ደም የሚያሳልፉትን በሮቹን ሲበላ ኖሯል። እናታችን ስትሞት እሱ አሥር ዓመቱ ነበር፣ እኔ ሃያ ሁለት። ከዚያ ወዲህ እናቱም እኔ ነኝ፣ አባቱም እኔ ነኝ። አሁን ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ድሮ ገበያው መሀል ሞባይል ይጠግን ነበር። አሁን ከአልጋው እስከ በራፉ ሲሄድ መሀል ላይ ቆም ብሎ ግድግዳ ይይዛል፤ ካየሁት ደግሞ ግድግዳው ላይ የሆነ ነገር እንደሚያይ ያስመስላል።

ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ወስጄው ነበር። ዶክተሩ መረመረውና «አንተ ውጭ ጠብቅ» ብሎት እኔን አስቀረኝ። እኛ ዘንድ መቼም እንዲህ ነው፤ ሕመሙን ለታማሚው ትተን ወሬውን ለአስታማሚ እንሰጣለን።

«ቀዶ ጥገናው ጊዜው አልፎበታል፣ እህቴ» አለኝ። «በመድኃኒት እናቆየዋለን። ግን ከዓመት ያልፋል ብዬ ልዋሽሽ አልችልም።»

ለእሱ አትንገሪው አላለኝም። ማለትም አላስፈለገው። ስወጣ ነስረዲን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል።

«ምን አለሽ?»

«ጨው ይቀንስ፣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ አለ።»

«ይሄን ለማለት ግማሽ ሰዓት?»

«ሐኪም አይደል፣ ወሬ ይወዳል» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እስከ አሰላ ድረስ አውቶቡሱ ውስጥ ስንቀልድ መጣን፣ ቤት ገብቼ ጓሮ ውስጥ አለቀስኩ።

እንግዲህ ይስሃቅ የጠየቀኝ ይሄን ነው።

ያን ቀን ቤት ስገባ ነስረዲን ጋቢውን ተከናንቦ የጠፋው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። ይስሃቅ ሱቁን ዘግቷል ብዬ ዋሸሁት። እሱም ስልኩን አውጥቶ እንደገና ያስረዳኝ ጀመር። ቤት ውስጥ የምናወራው ኦሮምኛ ነው፤ ስለ ኮምፒውተር ሲሆን ግን ሳያውቀው ወደ አማርኛ ይገባል።

«የምጠብቀው ጌም አለ ያልኩሽ ትዝ ይልሻል? ሦስት ጊዜ ተራዝሟል። አሁን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የሚወጣው። እሱን በደንብ የሚሸከመው አሥራ ስድስቱ ነው። ርካሹን ገዝተሽ በሁለት ዓመት ሌላ ከመግዛት፣ ውዱን አንዴ ገዝተሽ ተገላገይ። ሰባት ዓመት ሙሉ ካርድ ግዢልኝ አልልሽም።»

ሰባት ዓመት ሲል ትንፋሹ ተቆርጦ መሀል ላይ አረፈ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ይሄ ልጅ ከዚያ በፊት ለምኖኝ አያውቅም። እኔ ነኝ ሳይጠይቀኝ የምገዛለት። የምገዛለት ነገር ሁሉ ደግሞ የሚበረክት ነው፤ ቦርሳው ድርብ ስፌት፣ ብርድ ልብሱ ሁለት ሰው የሚያለብስ። «ለነስሮ ነው» ካልኩ ተራ ዕቃ አላይም ነበር።

በማግስቱ አቶ ቱፋ ሱቄ መጡ። የኢተያ ገበሬ ናቸው፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው። ለመኸሩ ጆንያ ገና በሐምሌ የሚገዙ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። እንደ ልማዴ ሁለቱን ዓይነት አወጣሁላቸው።

«ለዘንድሮ ብቻ ከሆነ ይሄ ስሱ ይበቃዎታል» አልኳቸው። «ለከርሞም ካሰቡ ድርቡን ይውሰዱ፣ አራት ምርት ይችላል።»

«ድርቡን ነው እንጂ ልጄ፤ ስንት ጊዜ ነው የምነግርሽ» ብለው በምርኩዛቸው መታ መታ አደረጉት። ሲሄዱ አየኋቸው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ ጭቃው ላይ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ፣ አራት ምርት የሚችል ጆንያ አሸክመው ሄዱ።

ከዚያ ማስተዋል ነበረብኝ። አላስተዋልኩም። ተቀምጬ ማሰብ የጀመርኩት በነጋዴ ጭንቅላት ነው። ዶክተሩ ዓመት ብሏል። ግንቦትና ሰኔ ሄደዋል። ስምንቱ ጊጋ ሁለት ዓመት ይሠራል፣ ይተርፈዋል እንኳ። በተረፈው ብር ወደ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ፣ መድኃኒት፣ ክረምቱ ከባሰበት ደግሞ የኦክስጅኑ ነገር አለ። ሰባት ዓመት ለሚሠራ ዕቃ ከፍዬ፣ ከዚያ በኋላ ያን ዕቃ ማን ይጫወትበታል? እኔ ነኝ? ወይስ ለይስሃቅ መልሼ ልሸጥለት ነው? ይቺን የመጨረሻዋን ሳስብ ራሴን ጠላሁት። ወንድሜ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ እየሳቀ እኔ በልቤ ዕቃውን መሸጥ ጀምሬያለሁ።

ቢሆንም ሒሳቡ ልክ ነበር። ከየትም በኩል ባየው ልክ ነው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ይስሃቅ ሱቅ ተመለስኩ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አላስታወሰኝም። ስምንቱን አልኩት። «ልጁ ግን የሚፈልገው…» ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ካርቶኑን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ዝናብ እንዳያገኘው ጠንቀቅ በይ አለኝ። ከነጠላዬ ስር ይዤው ሄድኩ።

ነስረዲን ቀደም ብሎ ተዘጋጅቷል። የኮምፒውተሩን ክዳን ከፍቶ፣ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠርጎ፣ ካቻቢቴውንና ብሎኖቹን በቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ ደርድሮ ይጠብቀኛል። እንደዚያ ፊቱ በርቶ ካየሁት ወራት አልፎኛል። ፌስታሉን ሰጠሁት። ገና ተቀብሎኝ ሳይከፍተው፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «አሥራ ስድስቱ አልቋል» አልኩ።

ካርቶኑን አወጣው። ከፊቱ ያለውን ጽሑፍ አየ፣ ገልብጦ ከኋላው ያለውን አየ። ከዚያ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሁለት እጁን ከላይ አደረገበት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ በቀን ቤቱ ጨልሟል።

«ጠዋት ለይስሃቅ ደውዬለት ነበር» አለ። «ሁለቱም አሉ አለኝ።»

«ከዚያ በኋላ ተሽጦ ይሆናል።»

«አሰላ ውስጥ? በግማሽ ቀን?»

ዋጋው ከበደኝ ብለው ኖሮ ያልፍ ነበር ብዬ አሁን አስባለሁ። ያን ጊዜ አልመጣልኝም። ብለውም አያምነኝም፣ ያውቀኛል።

«ትምህርት ቤት ሲከፈት የምትገዢልኝ ጫማ ትዝ ይልሻል?» አለኝ። አልተናደደም፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። «ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር ጨምረሽ ነበር የምትገዢልኝ። ‹ያድግበታል› ትዪ ነበር። ጫፉ ላይ ጨርቅ ጎስጉሰሽበት። ከእግሬ እየወለቀ ስንት ቀን ጭቃ ላይ ወደቅኩ።»

«ድሃ ነበርን እኮ» አልኩት።

«ልብሱም እንደዛ። ኮቱ እጄን ይውጠው ነበር፤ ልጆቹ ይስቁብኛል። አንድ ቀን እንኳ ልኬን ገዝተሽልኝ አታውቂም፣ ፈይሩ።» ካርቶኑን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። «ዛሬ ልኬን ገዛሽ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ቀና ብሎ አላየኝም። በኦሮምኛ፣ ልክ ስለ ምሳ እንደሚጠይቅ ሁሉ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ዶክተሩ ስንት አለሽ?»

ለሁለት ወር ተኩል የተሸከምኩት ነገር ነው። ካወቀው ምን ቀረ፣ ልንገረውና ይውጣልኝ አልኩ። አብረን እናልቅስ፣ ይቆጣኝ፣ ይጩህብኝ። አፌን ከፈትኩ። አንድ ልል ነው። እውነቱ አንድ ነው፣ ያውም ከተቆረሰ ሰንብቷል። ከዚያ እጁን አየሁት፤ ካርቶኑ ላይ ያለውን፣ ጥፍሩ ወደ ሰማያዊ የሄደውን።

«ሁለት» አልኩት።

ቀና አለ። «ሁለት ምን?»

«ሁለት ዓመት።»

«ወላሂ በይ።»

በሕይወቴ ለደንበኛ ብዙ ዋሽቻለሁ። ስሱን ጆንያ ድርብ ነው ብዬ ባልሸጥም፣ ትላንት የገባውን ዛሬ ገባ ብያለሁ። በአላህ ስም ግን ዋሽቼ አላውቅም።

«ወላሂ» አልኩት።

ነስረዲን ትንፋሹን ለቀቀው። ቀስ ብሎ፣ ረጅም ጊዜ፣ እስከ ዛሬ ይዞት የቆየ ይመስል። ከዚያ ያላሰብኩት ነገር ሆነ። ፈገግ አለ።

«አልሃምዱሊላህ» አለ። «እኔ እኮ ይሄን ክረምት የምሻገር አልመሰለኝም ነበር። ሌሊት ሌሊት ሲያፍነኝ አንቺ እንዳትሰሚኝ ትራሱን ነክሼ ነው የማድረው። ውዱን ግዢልኝ ያልኩሽም እንዳትጠረጥሪ ብዬ ነው። ርካሹን ካልኩሽ አወቀ ብለሽ ታለቅሻለሽ አልኩ።»

መልስ አልጠበቀም። ካርዱን ከላስቲኩ አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞረ ያየዋል።

«ሁለት ከሆነማ» አለ፣ «ሁለት ከሆነማ ጌሙ ይደርስልኛል። በዚህም ይሄዳል እኮ፤ ስዕሉን ዝቅ ማድረግ ነው። ትንሽ ይደበዝዛል እንጂ ያጫውታል። ደግ አደረግሽ፣ ብርሽን ማባከን ነበር።» ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለ፣ አረፈ፣ እንደገና ጎንበስ አለ። «በይ ካቻቢቴውን አቀብዪኝ። ስልክሽንም አብሪልኝ፣ ውስጡ ጨለማ ነው።»

አቀበልኩት። ስልኬን አብርቼ ያዝኩለት። ብርሃኑ አንዴ ካርዱ ላይ፣ አንዴ ግድግዳው ላይ ይሄዳል።

«እጅሽን አጽኚው እንጂ ፈይሩ» አለኝ፣ «ብሎኑ አይታየኝም።»

በሁለት እጄ ያዝኩት።