ሁለት ጉርሻ ባሩድ

የፈረሰኞቹ ሁሉ ተኩስ፣ የውድድሩ ዳኞች እንደሚፈልጉት፣ አንድ ሆኖ ወጣ። ፈረሶቹ ከዳኞቹ ዳስ ፊት በኋላ እግራቸው ተቀምጠው ሲቆሙ ነጭ ጭስ ፈረሰኞቹን ዋጣቸው፤ ከገመዱ ማዶ ያለው ሕዝብም በእልልታ አበደ። ማዓጢ ግን እልልታውን ልብ አላለውም። ዓይኑ ከግራው በቆመው በአለቃው በራሃል አፈሙዝ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። የሌላው ሁሉ አፈሙዝ ጭስ ይተፋል። የራሃል ምንም አይተፋም።

አልተኮሰም። ቃታውን ስቦ ባሩዱን የምትለኩሰው የመዳብ ቆብ ጠጭ ብላ ይሆናል፤ ባሩዱ ግን እሳት አልያዘም።

እንዲህ ያለው ነገር በፈረሰኛ ላይ ይደርሳል። ሁሉም እኩል ሲስብ፣ ፈረስ ከሥር ሲዘል፣ ጆሮ ሲደነቁር፣ የጮኸው የራሱ ጠመንጃ ይሁን የጎረቤቱ አጣርቶ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ጉዱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ያልወጣውን እንደወጣ ቆጥሮ በላዩ ሌላ ያጎርሰዋል። በዚህ ስህተት ስንቱ ጣቱን፣ ስንቱ ዓይኑን ሰጥቷል።

«አየኸው ያንን መነጽራም ዳኛ?» አለ ከማዓጢ በስተቀኝ የሚጋልበው ሚሉድ፣ ሥጋ ሻጩ፣ ፈረሶቹ በእርምጃ ሲመለሱ። «ጥርሱን አሳየን እኮ! ሚስቱ እንኳ በዓመት አንዴ ነው የምታየው ይላሉ።»

«እ።»

«ምን ሆነሃል? ዋንጫው እኮ እጃችን ገባ። አንዲት ግልቢያ ቀረችን። ወይስ ደስ ስትሰኝ ግብር ያስከፍሉሃል?»

ማዓጢ ለራሱ ጫማ ሳይገዛ ለፈረሱ ገብስ የሚገዛ ሰው ነው። ሽበት ሳያውቀው ጀምሮ በዚህ መስመር ጋልቧል። የራሃል አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና ሽማግሌው ጅላሊ፣ በዚሁ በቅዱሱ ሰው በወልዩ በዓል ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «ከእኔ በኋላ ፈረሰኞቹን የሚመራ ማዓጢ ነው» ብለው ነበር። ሞቱ። ሽማግሌዎቹ ለምክር የተሰበሰቡት የጭነት መኪና ባለው በራሃል ቤት ሆነና ሻይ ጠጥተው፣ የበግ ጥብስ በልተው፣ ጣታቸውን እየላሱ አለቅነቱን እዚያው ትተውት ወጡ። ራሃል ልጁን ሲድርም ማዓጢን ያስቀመጡት በር ላይ፣ ከእንግዶች ጫማ ክምር አጠገብ ነበር። ይህን ሌላ ሰው ይረሳዋል። ማዓጢ አይረሳም።

ባሩድ ወደሚጎረስበት ቦታ ደረሱ። ራሃል ከፈረሱ ሳይወርድ ሰደፉን እግሩ ጫማ ላይ አስደግፎ ባሩዱን በአፈሙዙ አንቆረቆረ፤ መጠቅጠቂያውን ዘንግ ሰደደና ሁለት ጊዜ ጎሰም አደረገው። ዘንጉ ከአፈሙዙ በላይ ተገትሮ ቀረ። ማዓጢ በራሱ በጎረሰው ጠመንጃ ውስጥ የቆመውን ዘንግ አየ። የራሃል ከእሱ በአንድ ጋት ይበልጣል፤ ከሥሩ ሁለት ጉርሻ ባሩድ ተኝቷል።

እኔ ምን አገባኝ፣ አለ በሆዱ። ዝም ያለ ሰው ማንን ገደለ ይባላል? ራሃል ዛሬ ቢጎዳ፣ አለቅነቱ ነገ የማዓጢን ደጅ ያንኳኳል። ይህን ከራሱ ሳይደብቅ አሰበው። ጣፈጠውም።

ችግሩ የጠመንጃዋን ቱቦ፣ በርሜሉን፣ ማወቁ ነበር። የራሃል ጠመንጃ የአያቱ ናት። ከሰደፉ በላይ፣ ጉንጭ በሚያርፍበት በኩል፣ በርሜሉ ዙሪያ የብር ጌጥ ታስሮባታል። ሰው የሚያየው ጌጡን ነው። ከጌጡ ሥር ስንጥቅ አለ። ጅላሊ በምስጢር በቀጥቃጭ ያስጠገኑት ማዓጢን ልከው ነበርና እሱ ያውቃል። አንድ ጉርሻ ትችላለች። ሁለት አትችልም።

ፈረሱን አስጠጋ።

«ሲ ራሃል፣» አለ በአክብሮት መጠሪያው፣ «ጠመንጃህ አልተኮሰም።»

«ምን አልክ?»

«ቅድም አልወጣም። አሁን ደርበህበታል።»

ራሃል ፊቱን ሳያዞር ፈገግ አለ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ምቀኝነትህ አላረጀም? አንተ ካረጀህ ቆየህ እኮ።»

«ስደበኝ ግዴለም። ዘንጉን አንዴ መልሰህ ስደደው።»

«ሰው እያየ? አለቃው ተኩሶ እንደሆነ አያውቅም እንዲሉኝ?»

«ከእኔ ዘንግ እኩል ከገባ ጢሜን በዚህ ሕዝብ ፊት እላጫለሁ።»

ይህ ቃል ራሃልን ያዘው። ማዓጢ በጢሙ አይቀልድም። ራሃል በካባው ከልሎ ዘንጉን ሰደደ፣ ማዓጢም ጎን ለጎን የራሱን በራሱ ጠመንጃ ሰደደ። ራሃል ሁለቱን ጫፎች አየ። ከንፈሩ አመድ መሰለ።

ከዳሱ በኩል የድምፅ ማጉያው የመንደራቸውን ስም ጠራ።

«ይህን ለማውጣት ባሩዱን ቦርቡሮ የሚስብ ቡርጊ ያስፈልጋል» አለ ራሃል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከመስመር መውጣት ነው። ግልቢያው ይሰረዛል።»

«የሰካሃትን አዲስ ቆብ አውልቅና ሳትተኩስ ጋልብ።»

«አለቃ ሆኜ? የዳኞቹ ዓይን እኮ እኔ ላይ ነው! እጄን ዘርጋ አድርጌ እተኩሳለሁ። ምናልባት ይወጣል።»

«በርሜሉ ስንጥቅ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«ቀጥቃጩ ጋ ያደረስኩት እኔ ነኝ። አባትህን አፈር አይክበዳቸውና፣ ለአንተ እንኳ አልነገሩህም።»

ራሃል ከብሩ ጌጥ ሥር ስንጥቁን በጣቱ እየዳሰሰ ፈለገ፤ ወዲያው ጣቱን እሳት እንደነካው ሰበሰበ። ማዓጢ ለዓመታት ይህን ሰው ሲፈራ ለማየት ተመኝቷል። አየው፤ እንዳሰበው አላረካውም።

«እናንተ ሰዎች!» ጮኸ ሚሉድ ከወዲያ። «የጋብቻ ወሬ ነው? ጥሎሹን ማታ ትነጋገራላችሁ፤ እየጠሩን ነው!»

«ስጠኝ» አለ ማዓጢ።

«ምኑን?»

«ጠመንጃህን። የእኔን ያዝ። ጎርሳለች፣ አስተማማኝ ናት።»

«አንተስ?»

«የእኔን ጉዳይ ለእኔ ተወው።»

ራሃል ትንሽ አመነታ። ወዲያው በካባቸው ተጋርደው ጠመንጃዎቹ እጅ ለእጅ ተላለፉ። የጅላሊ ጠመንጃ ከባድ ናት፤ ብሩ ከማዓጢ መዳፍ ሥር ቀዘቀዘው። በወጣትነቱ አንድ ቀን በዚች ጠመንጃ እተኩሳለሁ ብሎ ያልማት ነበር።

«ይህን ውለታ...» ብሎ ጀመረ ራሃል።

«ውለታ አይደለም። አልወድህም፣ ታውቃለህ። ስትፈነዳ ሚሉድንና እኔንም ትመታናለች፤ አንዳችሁ ብትሞቱ ልጆቻችሁን የማሳድግ ሰው አይደለሁም።»

ራሃል ፈረሱን ወደ መስመሩ መሐል መራ።

ተሰለፉ። ፈረሶቹ ልጓማቸውን እያኘኩ ይቁነጠነጣሉ። ማዓጢ የሚጠብቀውን ያውቃል። ከአለቃው በስተቀኝ አንድ አፈሙዝ ሳያጨስ ሲቀር መነጽራሙ ዳኛ ይጽፋል። ዋንጫው ቢቀር በማን እንደቀረ ገበያው ሁሉ ያወራል፤ ራሃልም አፉን ከፍቶ እንዲህ ነበር አይልም። ዋንጫው ቢገኝ ደግሞ የራሃል ነው። ወይም ደግሞ እጁን ዘርግቶ መተኮስ ይችላል። ምናልባት ጠመንጃዋ ሁለቱን ጉርሻ ትችል ይሆናል። ብትችል፣ ከሁሉ በላይ የምትጮኸው የእሱ ትሆናለች፤ አገር ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል። ጣቱ ቃታው አጠገብ ቆየ።

ባንዲራው ተነሣ።

በአውራ ጣቱ ጥፍር የመዳቧን ቆብ ፈልቅቆ ወደ አፈሩ ጣላት።

«ምን ጣልክ?» አለ ሚሉድ።

«ጠጠር ነው። ፊትህን ወደፊት አድርግ።»

ራሃል ፈረሰኞቹን በአባቱ ድምፅ ተጣራ። ማዓጢ ከሁሉ አስቀድሞ «አቤት!» አለና ፈረሱን ኮለኮለ።