አሥራ አንድ እንቁላል በዩንታ መንገድ

ለሁለት ሳምንት ያህል፣ በእንቁላል ሰፊው ጫፍ የሚገኘውን ባዶ ቦታ ጉድለት አድርጌ ቆጥሬው ነበር። ይህን መናዘዝ ያሳፍረኛል፤ ዕድሜዬን በመጻሕፍት መካከል የፈጀሁ፣ የበረሃ ዳር ከተማችንን የፒተርቦሮን ቤተ መጻሕፍት ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተዳደርኩ ሰው ነኝና። ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቼ፣ በሩን ከበስተኋላዬ ዘግቼ፣ የእጅ ባትሪ ከቅርፊቱ ጋር አጣብቄ ስመለከት፣ እንደ ሥር የተበተኑትን ቀያይ የደም ሥሮች፣ ከእነሱም በላይ ጠባብ ባዶ ቆብ የመሰለች የአየር ኪስ አይ ነበር። ያቺ ኪስ ቀን በቀን ባለመስፋቷ ደስ ይለኝ ነበር። ሙሉ እንቁላል ጤነኛ እንቁላል ነው ብዬ አምኜ ነበር። ሙላትን ከሕይወት ጋር ማምታታት ምናልባት ብዙ ያነበበ ሰው ሁሉ ሕመም ይሆናል።

እንቁላሎቹ የእኔ አልነበሩም። እህቴ ግሌኒስ፣ አባታችን በባቡር ሠራተኛነቱ ዘመን ያመጣቸውን ጥቁር ላንግሻን ዶሮዎች ዘራቸውን ሳታደባልቅ ለአርባ ዓመት አራብታለች። በጥር መጨረሻ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ አዴሌድ ሆስፒታል ስትገባ አደራዋን ለእኔ ሰጠች። በአምስተኛው ቀን ምሽት ላይ የዶሮ ቤቱን መቀርቀሪያ ሳልዘጋ ቀረሁ፤ ልጨርሰው የጓጓሁት ምዕራፍ ነበር። ጠዋት ስወጣ ቀበሮ አሥራ ሦስቱን ሴት ዶሮዎችና ሁለቱን አውራዎች ፈጅቶ፣ አንዷን ብቻ ይዞ ሄዷል። የተረፈው በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በሳህን የተቀመጡ አሥራ አራት እንቁላሎች ነበሩ። የዚያ ዘር ጠቅላላ ሕልውና ከአንድ ሳህን አይበልጥም ነበር።

ለግሌኒስ አልነገርኳትም። በየቀኑ ስትደውል «ደህና ናቸው» እላት ነበር፤ ወደ እንቁላሎቹ እያየሁ ስለምናገር ሙሉ በሙሉ ውሸት እንዳልሆነ ራሴን አሳምን ነበር። ከጋራዧ ያገኘሁትን አሮጌ የመፈልፈያ ሣጥን አጸዳሁ፤ ሙቀቱን በሠላሳ ሰባት ዲግሪ ተኩል ላይ አጸናሁ፤ በቀን ሦስት ጊዜ አገላበጥኳቸው። በሰባተኛው ቀን ብርሃን ሲያልፍባቸው ባዶ ሆነው የታዩኝን ሦስቱን አስወገድኩ። አሥራ አንድ ቀሩ። ውጭው እየነደደ ስለነበር ጣሪያው ላይ ያለውን ማቀዝቀዣ ከጠዋት እስከ ማታ አላጠፋሁትም። የእኛ ሰው «ረግረግ» ይለዋል፤ የበረሃውን ነፋስ ውሃ በጠጣ ገለባ ውስጥ አሳልፎ ቤቱን እንደ ወንዝ ዳር ያደርገዋል። ለእንቁላሎቹ የምችለውን ሁሉ እያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጎረቤታችን ኖላ ትሬጌንዛ ሳታንኳኳ ገባች። እሷና ግሌኒስ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አልተለያዩም።

«ፕሮፌሰር፣» አለችኝ፤ እንዲህ የምትጠራኝ ልትሰድበኝ ስትሰናዳ ነው። «አውራዎቹ ምን ነካቸው? ሁለት ሳምንት ሙሉ ድምፃቸው የለም። ቤተ መጻሕፍት ነው ብለህ አፋቸውን አስዘጋሃቸው?»

ነገርኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ግሌኒስ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ኧረ አንተ ሰውዬ! በል እንቁላሎቹን አሳየኝ።»

ሁለታችን በግሌኒስ የክረምት ካፖርቶች መካከል ተጨናንቀን ቆምን። ኖላ የመጀመሪያውን እንቁላል በብርሃኑ ላይ አዟዟረችው፤ ከዚያ ሁለተኛውን፤ ከዚያ ሦስተኛውን። ፅንሱ ሲንፈራገጥ አየሁ፤ በኩራት እሷንም አየኋት። ፊቷ አልፈታ አለ።

«ስንተኛ ቀናቸው ነው?»

«አሥራ አራተኛ።»

«የአየር ኪሳቸው የሰባተኛ ቀን ነው የሚመስለው።»

«ሙሉ ናቸው ማለት ነዋ።»

«እየሰመጡ ነው ማለት ነው፣ አንተ ድንጋይ ራስ! ጫጩቱ ሊወጣ ሲል መጀመሪያ አፉን የሚሰድደው ወደዚህች ክፍት ቦታ ነው። የመጀመሪያውን ትንፋሽ የሚተነፍሰው ከዚህች ነው። ውሃው በቅርፊቱ በኩል ላብ ሆኖ ካልወጣ ቦታዋ አትሰፋም። በሃያ አንደኛው ቀን ምንቃሩን ይሰድዳል፣ ውሃ ያገኘዋል፣ አለቀ።» ባትሪውን አጠፋች። ከጨለማው ውስጥ ድምፅዋ ለዘብ አለ። «ረግረጉ ነው። ቤቱን ጭጋግ አደረግኸው። እኔም በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሃያ እንቁላል የጨረስኩት በዚሁ ነው። ሰው ለራሱ ሲቀዘቅዝለት ለእንቁላሉም የበጀው ይመስለዋል።»

ሮጬ ማቀዝቀዣውን አጠፋሁት። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ቤቱ እንደ ምድጃ ሆነ። ትንበያው ለአራት ተከታታይ ቀን ከአርባ ሦስት ዲግሪ በላይ ይላል፤ የመፈልፈያው ሣጥን ደግሞ ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አያውቅም። መለኪያው ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሁለት አለ። ቀጥሎ ነጥብ ስድስት።

«ይቀቀላሉ፣» አልኩ።

«መልሰህ ካበራኸው ይሰምጣሉ።»

«ደረቅም ቀዝቃዛም የሆነ ቦታ አለሽ?»

«እኔ ቤት ያለው ያው ረግረግ ነው። መንገዱ ሙሉ ረግረግ ነው።» በመስኮቱ ወደ ግቢው አየች። «የግሌኒስ መኪና ኤሲው ይሠራል?»

የግሌኒስ አሮጌ ኮሞዶር ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ኤሲው ግን ደረቅና ብርዳም አየር ይሰጣል። ሣጥኑን ከመኪናው ባትሪ ጋር አገናኝተን በኖላ ጭን ላይ አስቀመጥነው። ቆመን ሞተሩን ብቻ አስነስተን ነበር፤ በአሥረኛው ደቂቃ የሞተሩ ሙቀት ጠቋሚ ወደ ቀዩ መስመር መውጣት ጀመረ። በእንዲህ ያለ ቀን የቆመ አሮጌ መኪና ራሱን ይቀቅላል። ራዲያተሩ ነፋስ ካላገኘ ኤሲው ይቆማል።

«ንዳ፣» አለች ኖላ።

ወደ ዩንታ መንደር የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ፤ ሐዲዱን ተከትሎ የተዘረጋ፣ የማይታጠፍ መንገድ ነው። ሁለት መርፌዎች ሕይወቴን ተካፈሏት፤ አንዱ የሞተሩ፣ ሌላው የሣጥኑ። በአንድ ዳገት ላይ የሞተሩ መርፌ ቀዩን ነካ።

«ኤሲውን አጥፋው!»

«ካጠፋሁት—»

«ሞተሩ ከፈነዳ ለዘላለም ይጠፋል! አጥፋው!»

አጠፋሁ። ሙቀቱ እንደ እጅ ያዘን። ኖላ በሣጥኑ ላይ አጎንብሳ ቁጥሮቹን ጮክ ብላ አነበበች፤ ሠላሳ ስምንት ከአምስት፣ ከሰባት፣ ከዘጠኝ። የዳገቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ ማርሹን ነጻ አድርጌ ቁልቁል ለቀቅኩት። መርፌው ቀስ ብሎ ወረደ። ኤሲውን መልሼ ከፈትኩት።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። ግሌኒስ ነበረች። ኖላ አየችኝና፣ ሳትጠይቀኝ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«አልዊን፣ የምን ድምፅ ነው? የት እየሄድክ ነው?»

«ግሌኒስ፣ ቀበሮ ገብቶ ነበር። መቀርቀሪያውን ሳልዘጋ ቀርቼ። ሁለት ሳምንት ሆኖታል።»

«ሁለቱንም አውራዎች?»

«ሁሉንም።»

«አደራ ያልኩህ አንድ መቀርቀሪያ ነበር።»

«አዎ።»

«በየቀኑ ደህና ናቸው ስትለኝ ነበር።»

«አዎ።»

መንገድ ዳር አንድ የተቃጠለ ቀይ ሜዳ አለፍን፣ ከዚያ ሌላ። ስልኩን የዘጋችው መስሎኝ ነበር።

«ኖላ፣ እዚያ አለሽ?»

«አለሁ፣ የኔ ቆንጆ። አሥራ አንድ እንቁላል ጭኔ ላይ ይዤ ነው። አሥራ አራተኛ ቀናቸው ነው፤ ወንድምሽ በረግረግ አስምጧቸዋል።»

«የአየር ኪሳቸው ምን ያህል ነው?»

«የአውራ ጣት ጥፍር አይሞላም።»

«ከሣጥኑ ሥር ያለውን የእርጥበት ውሃ ድፉት። እስከ መጨረሻው ቀን ጠብታ አይግባ፤ የመፈልፈያው መመሪያ የሚለውን እርሱት። የመጀመሪያውን ስንጥቅ በዓይናችሁ ስታዩ ብቻ ጨምሩ።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ መልሳ አቀናችው። «አልዊን፣ በስንት ነው የምትነዳው?»

«በስልሳ።»

«ሰማንያ አድርገው። ሞተሩ ነፋስ ያግኝ።»

ዘጋችው። ደህና ዋል አላለችኝም።

አራት ቀን እንዲህ ኖርን። ከረፋድ ጀምሮ ደመናም ነፋስም የሌለውን ቀን በዩንታ መንገድ ላይ እየተመላለስን አሳለፍነው፤ ነዳጅ ለመሙላት ብቻ እንቆም ነበር። የነዳጅ ማደያዋ ሴት በሁለተኛው ቀን፣ «እናንተ ሁለታችሁ ኮበለላችሁ እንዴ?» አለችን፤ ኖላ፣ «ከዚህ የተሻለ ባገኝ ኖሮ በኮበለልኩ፣» ብላ መለሰችላት። በየጠዋቱ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገብተን የአየር ኪሱን ዳርቻ በእርሳስ ቅርፊቱ ላይ እንከብበው ነበር። በአሥራ አምስተኛው ቀን መስመሩ አልተንቀሳቀሰም። በአሥራ ስድስተኛው የክር ውፍረት ያህል ወረደ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት የደቡብ ነፋስ ሲገባ መስመሮቹ ወርደው ነበር፤ ይሁን እንጂ በአራት እንቁላሎች ውስጥ ያለው የፅንሱ ጥላ መንቀሳቀስ አቁሞ ነበር።

በሃያ አንደኛው ቀን ከቀትር በፊት በአንዱ ቅርፊት ላይ የኮከብ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ አየሁ። ግሌኒስ እንዳለችው ያኔ ውሃ ጨመርኩ፤ ክዳኑን ዳግመኛ ላለመክፈት እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። አንዱ ጫጩት ቅርፊቱን እስከ ግማሽ ሰንጥቆ ቆመ፤ ምንቃሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ለሁለት ሰዓት አየሁት፤ ከዚያ አልተከፈተም። ኖላ ትከሻዬን ይዛ ልረዳው እንዳልነሣ ከለከለችኝ። እስከ ማግስቱ ቀትር ድረስ አምስት ጫጩቶች ወጡ። ሳይፈለፈሉ የቀሩትን ስድስቱን ሦስት ቀን ጠብቄ ቀበርኳቸው።

አምስቱን ጫጩቶች በካርቶን አድርጌ፣ ግሌኒስ እስክትመለስ በአደራ እንድትጠብቃቸው ለኖላ ሰጠኋት። «አንቺ መቀርቀሪያ ትዘጊያለሽ፣» አልኳት።