የአሥራ ሰባት ቁጥር በግ ጆሮ

እማማ ገበያነሽ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን የበግ ጆሮ ፈትተው ምሥራቅ መዳፍ ላይ አስቀመጡላት።

«ሌሊት ሞተች። ብርዱ ነው የጨረሳት» አሉ።

ምሥራቅ ጆሮው ላይ የተሰካውን ቢጫ ፕላስቲክ አየች፤ ቁጥር አሥራ ሰባት። ልትመዘግብ እስክሪብቶዋን ካነሳች በኋላ እጇ ቀጥ አለ። የኅዳር ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሳም። በእንዲህ ያለ የቀየት ደጋ ማለዳ ሌሊት የሞተ በግ ጆሮ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ይኼኛው ግን ለብ ይላል።

በጎቹ ለሠላሳ ሴቶች ሲታደሉ ደንቡን ያረቀቀችው የማኅበሩ ጸሐፊ እሷ ነበረች። በግ የሞተባት ጆሮውን ከነቁጥሩ ካመጣች ምትክ ታገኛለች፤ ካላመጣች አታገኝም። በሁለት ወር ስምንት ጆሮ መጣ። ሞቱ ስለበዛ በጎቹን የሰጠው ፕሮጀክት ሰው ነገ ሊመረምር ይመጣል፤ ማጭበርበር ካገኘ ማኅበሩን ይበትነዋል።

«እማማ፣ ቤትዎ ልምጣ?»

«ለበግም ለቅሶ ይደረሳል እንዴ?»

ገበያነሽ የክርስትና እናቷ ናቸው። እየተጎተቱም ቢሆን ይዘዋት ሄዱ። በጉረኖው ውስጥ አሥራ ሰባት ቁጥር ቆማ የገብስ ጭድ ታመነዥካለች። አንድ ጆሮዋ የነበረበት ቦታ በአመድ ተለቅልቋል።

ምሥራቅ የጉረኖው ካብ ላይ ቁጭ አለች።

«በሕይወት አለች እኮ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ገበያነሽ፣ ሳያፍሩ። «ምን ታፈጪብኛለሽ? ትርሲት በጓ ስትታመምባት ለራሷ ያላገኘችውን ገብስ እየቀቀለች በጓን አተረፈች። ምን ሰጣችኋት?»

«ምንም።»

«ጎረቤቷ ዘነበች ጆሮ አመጣች፤ ሁለት በግ ሆነላት። እኛ ዓይን የለንም?»

«ስምንቱስ?» አለች ምሥራቅ።

«ሁሉም አሉ። ሣር በጆሮ አይጋጥ።»

«አንድም የሞተች የለችም?»

«አለች እንጂ። የአስካለ ማርያም።»

አስካለ ማርያም በመስከረም ማለቂያ፣ ከሁሉም በፊት መጥታ ነበር፤ በጓን ጅብ ከነጭንቅላቷ በልቶባት፣ ደም የነካው ፀጉር ብቻ ይዛ። ምሥራቅ «ጆሮ ከሌለ ደንቡ አይፈቅድም» ብላ መለሰቻት። ሴትዮዋ አልተከራከረችም። ፀጉሩን ነጠላዋ ጫፍ ላይ መልሳ ቋጥራ ወጣች።

«ያን ቀን ነው ሁላችን የተማርነው» አሉ ገበያነሽ፣ ቀስ ብለው። «እውነት ይዛ የመጣችው ባዶ እጇን ስትሄድ።»

ምሥራቅ ከካቡ ላይ ተነሳች።

«ምትክ የወሰዱት ሁሉ ዛሬ ይመልሳሉ። የመጀመሪያዋ በግ ለአስካለ ማርያም ትሄዳለች። ለትርሲትም አንድ።»

«እምቢ ቢሉሽስ?»

«ነገ ለሰውዬው ሁሉንም እነግረዋለሁ። የእርስዎንም ሥራ፣ የእኔንም ደንብ።»

«ማኅበሩ ይፈርሳላ።»

«ይፍረስ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷንም አስደነገጣት። ገበያነሽ ትክ ብለው አዩዋት። እንደማትመለስ ሲገባቸው ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡና ከዘነበች አጥር ሥር ቆመው ተጣሩ።

«አንቺ ዘነበች! በጊቱን አውጪ፣ ጉድ ሳይፈላ!»

ዘነበች ከአጥሩ በላይ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«የትኛዋን?» አለች ዘነበች። «ባለ ሁለት ጆሮዋን?»