ሌባ ያጠፋው ስልክ

ኸይረዲን ሞጣ ባለችው የስልክ ሱቁ ውስጥ በሠራት አፕ ያልኮራበት ቀን አልነበረም። የተሰረቀ ስልክ ፈልጋ ታገኛለች፤ የቤተሰቡን ስልክ ሁሉ የምታዘው ግን በአባወራው የይለፍ ቃል ብቻ ነው። ቀበሌም ቤተሰብ የሚመዘግበው በአባወራ አይደል? እህቱ ሲሃም የተዳረች ለት ስልኳ ላይ በገዛ እጁ ጫነላትና «ባለቤት» በሚለው ቦታ የባሏን የሰይድን ስም ሞላ። እሷን የጠየቃት ሰው የለም።

ሰይድ እጁ የማያርፍ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሲሃም ክንዷን ከሰበራት ወዲህ ቢቸና አንዲት ጓደኛዋ ቤት ተደብቃለች። ይኸው ሦስት ሳምንቷ። የት እንዳለች የሚያውቅ ኸይረዲን ብቻ ነው።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ሰይድ ሱቁ ገባ።

«ወንድሜ፣ ያቺን አፕህን አዲሱ ስልኬ ላይ ጫንልኝማ።»

ኸይረዲን ክው አለ። ምን ዓይነት ደደብ ነኝ፣ እንዴት እስከ ዛሬ ትዝ አላለኝም!

«ኔትወርክ የለም፤ ከሰዓት ና» አለው።

«ግድ የለም፣ ራሴ እጭናታለሁ» ብሎ ሰይድ እየሳቀ ወጣ።

አፗ ስልኩ በርቶ እስካለ ድረስ ዝም ትላለች። ሌባ ሲያጠፋው ግን የመጨረሻ ቦታውን ለባለቤቱ ትልካለች። ኸይረዲን ለእህቱ ደወለ።

«ሲሃሜ፣ ሰይድ በስልክሽ ሊፈልግሽ ነው፤ ስሚኝ...»

«ያ ረቢ!» አለችና ዘጋችው።

አታጥፊው ሊላት ነበር እኮ! መልሶ ደወለ፤ ዝግ ነው። ወዲያው መልእክቱ አፗን ለሠራው ለእሱም ደረሰው፦ የሲሃም ስልክ ጠፍቷል፤ የመጨረሻ ቦታው ቢቸና፣ ከነሰፈሩ። ሊሰርዘው ታገለ። አፗ የአባወራውን የይለፍ ቃል ጠየቀችው። ማንም እንዳይነካካት ብሎ፣ ለራሱም መግቢያ ሳያስቀር የቆለፋት እሱ ነው። የጓደኛዋን ቁጥር አልያዘም። ሱቁን ሳይዘጋ ወደ መናኸሪያ ሮጠ።

መንገድ ላይ ሰይድ ደወለለት። የመኪና ድምፅ ይሰማል።

«አፕህ ጎበዝ ናት፤ አላህ ይስጥህ ወንድሜ።»

«ሰይድ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ተዋት! እግርህ ላይ ልውደቅ!»

ሰይድ ዘጋበት። ሚኒባሱ ገና አልሞላም፤ ረዳቱ ቢቸና፣ ቢቸና ይላል። ኸይረዲን ለእህቱ ደጋግሞ ደወለ፤ አሁንም ዝግ ነው። እሷ እንደሆነች ያመለጠች መስሏታል።