ጢስ ያልነካው ሰሌዳ

«እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው» ይባላል። በሞላሌ አቅራቢያ፣ በወይዘሮ አዛለች ቤት፣ የዶክትሬት ተማሪው ይሥሐቅ ከመስከረም ጀምሮ ለጥናቱ ሲመላለስ ወርቅነቱ አልቀነሰም ነበር።

ያን ማክሰኞ ግን ሳይጠበቅ መጣ። ወደ መሐል ሜዳ ከተማ የሚወስደው መኪና ጎማ ፈንድቶበት ከመንገድ ቀረ። ጎንበስ ብሎ ደጃፉን ሲያልፍ የኩበት ጢስ ፊቱን መታው፤ ዐይኑ አነባ። ሁልጊዜ ደርቆ የሚያየው የጣሪያ ጥቀርሻ ዛሬ ላብ አውጥቷል። አንዲት ጥቁር ጠብታ እጅጌው ላይ አረፈች፤ በጣቱ ሊጠርጋት ሲሞክር እንደ ሙጫ ተሳበች።

ወይዘሮ አዛለች ገብስ ከሚቆሉበት ምድጃ ደንግጠው ተነሡ።

«ውይ በሞትኩት! ልጄ፣ ዛሬ ነው እንዴ ቀንህ? አንቺ ጥሩሸዋ፣ ኩበቱን አውጪ፣ ፍልጡን አምጪ!»

ሳል ንግግራቸውን ቆረጠው። አመዱ ላይ ጥቁር አክታ ተፉና አፍረው በእግራቸው አለበሱት።

ይሥሐቅ ግድግዳውን ይመለከት ነበር። የቤቱን አየር ከጢስ እንዲያጠራ የሰቀለው ሰሌዳ የለም። ያ ነጭ ሰሌዳ የዶክትሬት ጥናቱ ሁሉ ነው። ከስታርች በተሠሩ፣ ቀለበት በሚመስሉ ጥቃቅን ሞለኪውሎች የተሰናሰለ ፖሊመር ሲሆን እያንዳንዱ ቀለበት በመካከሉ ባዶ ጓዳ አለው። የጢሱ መርዝ እዚያ ገብቶ ያርፋል። የሙያው ሰዎች ቀለበቱን ባለቤት፣ መርዙን እንግዳ ይሉታል። ይሥሐቅ በመጣ ቁጥር መሣሪያውን ከፍቶ አየሩን ሲለካ ቤቱ ንጹሕ፣ ሰሌዳውም ነጭ ሆኖ ይገኝ ነበር። አማካሪው ዶክተር አፈወርቅ ውጤቱን በየጉባኤው አሰምተዋል፤ ሐሙስ ደግሞ ለጥናቱ ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ።

«እማማ፣ ሰሌዳው የት ሄደ?»

ልጃቸው ጥሩሸዋ ሳቀች። «የት ይሄዳል? ከሣጥን ውስጥ ነዋ! ነጠላ ለብሶ ተኝቷል። እኔን እንኳ እንዲህ አድርጋ አልያዘችኝም።»

«ለምን?»

«እና በጢስ ይበላሽ?» አሉ ወይዘሮ አዛለች። «ነጭ ነገር፣ ያውም የሰው አደራ! ስትመጣ እሰቅለዋለሁ፣ ስትሄድ አወርደዋለሁ።»

«ኩበትስ? እኔ ሳለሁ ሲነድ አይቼ አላውቅም።»

«በእንግዳ ፊት ኩበት ይነዳል? ምን ነካህ ልጄ! ለአንተማ ፍልጥ ከገበያ አስመጣለሁ።»

ይሥሐቅ ወደ ግቢው ወጥቶ ስልክ ደወለ። የሆነውን ሁሉ ለዶክተር አፈወርቅ ነገራቸው። «ውጤታችን በሙሉ ውሸት ነው» ሲል ደመደመ።

ዶክተሩ ሳቁ። «ማን ዋሸ? የለካኸውን ነው የጻፍኸው። ሐሙስ ሴትዮዋ እንደ ልማዷ ፍልጥ ታንድድ። ሳሏንም ለአፍታ ትያዝልን።»

«ጥቁር ነው የሚተፉት፣ ዶክተር።»

«አፍንጫህን ያዝ፤ መመረቂያህ ነው።»

ጢሱ አስለቅሶት ነበር፤ ይህ ድምፅ ግን አስተፋው። አፉን በእጅጌው ጠረገና የጣሪያው ጥቀርሻ ከንፈሩ ላይ ቀረ። ወደ ውስጥ ተመለሰ።

«ፍልጡን ይተዉት፣ እማማ። ሰሌዳውን ይስጡኝና ኩበት ይጨምሩ።»

«አንተ እዚህ ተቀምጠህ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ከዛሬ ጀምሮ እንግዳ አይደለሁም።»

«እሰይ!» አለች ጥሩሸዋ። «ገና ዛሬ ብረት ሆንክ! በል እንግዲያው ኩበት አቀብል።»

ሰሌዳውን ሰቀለ፣ መሣሪያውን ከፈተ፣ ኩበት አቀበለ። መጀመሪያ ላይ መሣሪያው የሚያሳየው የመርዝ ቁጥር ዝቅ አለ፤ ልቡም ተስፋ አደረገ። ከሰዓት በኋላ ግን የሰሌዳው ነጭነት ወደ መግል ቀለም ተለወጠ። ጓዳዎቹ ሞልተው ነበር። የምድጃው ግለት ሲያገኘው የዋጠውን መልሶ ይተፋ ጀመር፤ ቁጥሩም ወደ ላይ ወጣ። ይሥሐቅ ሰሌዳውን አውርዶ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። የበሰበሰ ዕንቁላልና የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ ጣቶቹም ተጣበቁበት። የገዛ እጁ ሥራ ነው። እየሮጠ ወጥቶ ከበጎቹ በረት ጥግ አስመለሰ።

ወይዘሮ አዛለች በቅል ውኃ ይዘው ተከተሉት። «አይዞህ። በል ስጠኝ፣ በእንዶድ አጥቤ ለሐሙስ ነጭ አደርገዋለሁ። በእንግዶችህ ፊት አታፍርም።»

ቅሉን ተቀብሎ አፉን ተጉመጠመጠ። ሰሌዳውን ግን አልሰጣቸውም።

«አይታጠብም» አላቸው። «ሐሙስ እንዲህ እንዳለ ይሰቀላል። ኩበቱም ይነዳል፤ እርስዎም ሳልዎን አይያዙ።»

የጥናቱ ሪፖርት በሰኔ ወጣ። ሰሌዳው ኩበት በሚነድበት ቤት አንድ ቀን እንኳ እንደማያገለግል ይገልጻል። የተፈረመበት በይሥሐቅ ስም ብቻ ነው፤ የዶክተር አፈወርቅ ስም የለበትም።