ለዳማ የተጋገረው ብስኩት

አስናቀች ከማክሰኞ ወዲህ አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ አቅቷታል። ትነሳለች፣ በሩን ትከፍታለች፣ ለምን እንደከፈተችው ትረሳና መልሳ ትዘጋዋለች። ቤቱን ሁለቴ ጠርጋ ለሦስተኛ ጊዜ መጥረጊያ ስታነሳ ራሷን ታዘበችና ጥግ ላይ ወረወረችው። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ሰውን እሳት ዳር የምታስቀምጥ ከተማ ናት፤ እሷን ግን ብርዱም ሊያስቀምጣት አልቻለም። ይህ ሁሉ ለአንድ ውሻ ነው። ለውሻ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል የሚል ካለ፣ ውሻውንም ባሏንም አያውቃቸውም ማለት ነው።

ውሻው ዳማ ይባላል። ባሏ ተስፋሚካኤል ከፖሊስ ቤት ከወጣ በኋላ አንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ቀጥሮት፣ ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሠለጠነው ነው። የፋብሪካው ግቢ ሰፊ ነው፤ አጥሩን አንዴ መዞር ለሰው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ዳማ ግን በቀን አምስት ስድስቴ ይዞረዋል። አሁን ሥራ አስኪያጁ አቶ ኪሩቤል በውሻው ፈንታ ካሜራ ሊያስተክል አስቧል። ሐሙስ ጠዋት ዳማ ይፈተናል። በወዲያኛው ጥግ አንድ ሰው አጥር ይዘላል፤ ዳማ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ደርሶ ከያዘው ይቆያል፣ ካልደረሰ ውሻውም ጌታውም ይሰናበታሉ። ተስፋሚካኤል ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ከውሻ ሌላ ሥራ አያውቅም፣ በዚህ ዕድሜው ሊማርም አይፈልግም።

ተስፋሚካኤል ውሻ በዱላ አያሠለጥንም። ዳማ ሲታዘዝ አንድ ቁራጭ ብስኩት ይሰጠዋል፣ ልቀቅ ተብሎ ሲለቅ ደግሞ ሁለት። ከውጭ ይመጣ የነበረው የውሻ ብስኩት ጥቅምት ላይ ሲያልቅና ሌላ ሲጠፋ ግን ነገር መጣ። መጀመሪያ ከሱቅ የሰው ብስኩት ገዝቶ ሞከረ። ዳማ ወደደው፣ ወፈረበት፣ ሲሮጥ ማለክለክ ጀመረ። የእንስሳት ሐኪሟ ሊያ ይህን አይታ ተቆጣች፤ ልጅ ናት ግን ቁጣዋ የአሮጊት ነው። ብዙ ለሚሮጥ ውሻ ምን ዓይነት ብስኩት እንደሚሆን በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። የገብስ ዱቄት፣ እንቁላል፣ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ተቀቅሎ የደቀቀ ጉበት። ቁራጩ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም፣ በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚሰጠው። ስኳር፣ ጨው፣ ዘቢብ፣ ቸኮሌት አይገባበትም፤ ሽንኩርትም ቀዩም ሆነ ነጩ አይነካውም።

ተስፋሚካኤል ወረቀቱን ለሚስቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላትና መጨረሻው ላይ ሳቀ።

«ለውሻ ሽንኩርት የሚልጥ ማነው?» አለ።

አስናቀችም አብራው ሳቀች። ያ ሳቅ አሁን ትዝ ባላት ቁጥር ከወንበሯ ያስነሳታል።

ለመጋገሩ ችግር አልነበረም። የሰፈሩ ዳቦ ቤት የጠዋቱን ዳቦ ካወጣ በኋላ ምድጃው ሳይበርድ ትሪዋን ታስገባለች። የተቸገረችው ከሰው አፍ ነበር። ጊዜው የገና ጾም ነው፤ ሰው ሁሉ ሽሮና ጎመን ላይ ከርሟል፣ እሷ ደግሞ እንቁላልና ጉበት የገባበት ትሪ ተሸክማ በመንገድ ታልፋለች። ጎረቤቷ ወለተሐና ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣

«አንቺ፣ የሚቀጥለው ዓመት እኔንም ውሻ አድርጊኝ» አለቻት።

«ጠባይሽ አይፈቅድም» ብላ አለፈቻት አስናቀች።

ይሁን እንጂ ዳማ ብስኩቱን አልበላውም። አሸተተው፣ ወዲያ ወዲህ አገላበጠው፣ ትቶት ሄደ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። ስኳር የለመደ አፍ ነውና ሐኪሟ ጥቂት ቀን ታገሡት ብላ ነበር። አስናቀች ግን የእጇ ሙያ የተመሰከረላት ሴት ናት። ድግስ ያለበት ቤት ሁሉ ወጡን ቅመሽልን ብሎ የሚጠራት እሷን ነው። የሷን እጅ ውሻ ናቀው የሚባል ወሬ ደግሞ በዚያ ሰፈር ለመዛመት አንድ ቀን አይፈጅበትም። አንጀቷ አረረ።

በዚያው ሰሞን እህቷ ከደነባ ሁለት ኪሎ ለጋ ቅቤ ላከችላት። ለገና እንዲደርስ በኮሰረት፣ በኮረሪማ፣ በዝንጅብል፣ በደቀቀ ቀይና ነጭ ሽንኩርት አነጠረችው። ቅቤው ጠልሎ ሲያበቃ ከድስቱ ሥር ዝቃጩ ቀረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ዝቃጭ ዳቦ ላይ ተቀብቶ ቤተሰቡ የሚሻማበት ነው፤ በጾም ግን ማን ይነካዋል? መድፋቱ ነውር ነው፣ እስከ ገና ቢቆይም ይሻግታል። አስናቀች ድስቱን ይዛ ቆመች፣ ሽታው አፍንጫዋን ሞላው፣ ዳማ ትዝ አላት። ውሻ እንደሆነ አይጾም። ዝቃጩን እስከ መጨረሻው ጠርጋ ከገብሱ ዱቄት ጋር አሸችው። በጾሙ ምክንያት ቀምሳ አላየችውም፤ በሽታ ብቻ መጥናው ጋገረችው። ሽንኩርት ጨመርኩ ብላ ለአፍታም አላሰበችም። በአገሩ ሽንኩርት ማለት ተልጦ የሚከተፍ ነው፤ ድስት ሥር ተቃጥሎ የቀረውን ማን ሽንኩርት ይለዋል?

ዳማ ያን ብስኩት ሲያይ ያደረገውን ተስፋሚካኤል ለሰው አውርቶ አይጠግብም። ከሩቅ ሽታው ደርሶት ቁጭ አለ፣ ሳይታዘዝ ተኛ፣ ሳይታዘዝ ተነሳ፣ የሚያውቀውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሳየ። አስናቀች ያን ቀን ደረቷ ተነፋ። የጋገረችው አንድ ትልቅ ጣሳ ሞልቶ ነበር፣ ባሏም ጣሳውን ዘበኛ ቤት አስቀምጦ ቆለፈበት፤ ሌሎቹ ጥበቃዎች ሽታው አማልሏቸው ነበርና።

በአሥረኛው ቀን ዳማ አጥሩን አንዴ ዞሮ ተቀመጠ። በማግስቱ ግማሹን ሄዶ ተቀመጠ። ተስፋሚካኤል እንዲበረታ ብሎ ብስኩቱን ጨመረለት። ሲደክም ይጨምርለታል፣ ሲጨምርለት ይባሱን ይደክማል። ሽንቱ ቡና መሰለ። ሰኞ ዕለት የገዛ ጥላውን አይቶ እንኳ አልጮኸም።

ማክሰኞ ሐኪሟ መጣች። አስናቀች ለባሏ ምሳ ይዛ ሄዳ ስለነበር አብራ ቆማለች። ሊያ የውሻውን ከንፈር ገልጣ ድዱን ስታይ ፊቷ ተለወጠ፤ ድዱ ነጭ ሆኗል።

«ደሙ እያለቀ ነው» አለች። «ጋሼ፣ የሚበላውን ሁሉ ንገሩኝ።»

ተስፋሚካኤል እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ዘረዘረ። ገብስ፣ እንቁላል፣ ካሮት፣ ጉበት። «አንቺ ከጻፍሽው ውጪ አንዲት ነገር አልገባም» አለ።

«ሽንኩርት በልቶ ይሆን? ከቆሻሻ መጣያ፣ ከሠራተኞች ምግብ? ሽንኩርት የውሻን ደም ያፈርሳል፣ ተቀቅሎም ደርቆም ቢሆን ያው ነው።»

«ዳማ ካልተሰጠው አይበላም» አለ ተስፋሚካኤል፣ ተቀይሞ።

አስናቀች ያን ጊዜ ድስቱ ታያት። ሥሩ ላይ የተጣበቀው ቡናማ ዝቃጭ፣ በማንኪያ ፍቃ ያወጣችው፣ ግማሹ የሽንኩርት ድቃቂ። አፏን ከፈተች። ሐኪሟም ባሏም አይዋት፤ ሌሎች ሁለት ጥበቃዎችም ነበሩ። ባሏ ከጎኗ ቆሞ ስለ እጇ እንደዚያ በኩራት ሲመልስ ሰምታ፣ እዚያው አንገቱን ልታስደፋው አልቻለችም። ማታ እቤት እነግረዋለሁ ብላ አፏን ዘጋች።

«እንግዲያው የመዥገር በሽታ ሊሆን ይችላል» አለች ሊያ፣ እርግጠኛ ሳትሆን። ደም ቀዳች፣ መርፌ ወጋችው፣ እንዲያርፍ አዝዛ ሄደች።

ማታ ተስፋሚካኤል ገብቶ እራቱን አልነካም። «ይህ ውሻ ከሞተ እኔ ምን አለኝ?» አለና ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳውን ዞረ። ለዚህ ሰው እንዴት ብላ ትንገረው? ቁጭ ብለው የሰቀሉት ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይባላል፤ አስናቀች የቀን ዝምታዋን ማታ ልታወርደው አልቻለችም።

ይልቅ ሌላ መላ መጣላት። ረቡዕ ማለዳ ዝቃጭ የሌለበት ንጹሕ ብስኩት ጋግራ፣ ትኩሱን በሳፋ ይዛ በባጃጅ ፋብሪካው ደረሰች። አዲሱን ካስበላችው የድሮው ይቀራል፣ ውሻውም ይድናል፣ ማንም ሳያውቅ ነገሩ ያልፋል። ዳማ አሸተተው። ፊቱን አዞረ።

«የፊተኛው ነው የሚስማማው» አለ ተስፋሚካኤል። «ምን ቀየርሽበት?»

«ምንም። እሱ ቆይቷል፣ ሻግቷል ብዬ ነው። ጣሳውን ስጠኝ ልድፋው።»

«ምን ሻገተ? አሽትቺው እስቲ» ብሎ ከኪሱ አንድ ቁራጭ አወጣና ለዳማ ሰጠው። ዳማ አንገቱን ከመሬት ሳያነሳ በምላሱ ተቀበለው። አስናቀች ቁራጩ ወደ ጉሮሮው ሲወርድ እያየች እጆቿን በነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ጣሳውን ልትሰርቀው ዘበኛ ቤቱን ሁለቴ ዞረችው። ቁልፉ ባሏ አንገት ላይ ነው። እስከ አመሻሽ ከፋብሪካው በር እስከ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ እስከ በሩ ተመላለሰች፤ ጥበቃዎቹ ሰው የምትጠብቅ መሰላቸው። እንደ ሌባ ፈራች፣ በራሷም አፈረች፣ ግን አልተናገረችም።

ሐሙስ ጠዋት ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነበር። አቶ ኪሩቤል ከሁለት እንግዶች ጋር ሰዓቱን ይዞ ቆሟል። በወዲያኛው ጥግ ወፍራም ካፖርት የለበሰ ሰው አጥሩ ሥር ይጠብቃል። ዳማ ጌታውን ሲያይ ተነሳ፤ እግሮቹ ተንቀጠቀጡ፣ ግን ተነሳ፣ ጆሮውንም አቆመ። ሊሠራ ነው የመጣው። ተስፋሚካኤል ጎንበስ ብሎ ጆሮው ሥር አሸው።

«አንዴ ብቻ» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዛሬን ብቻ ሩጥልኝ፣ ከዚያ እንደፈለግክ ትተኛለህ።»

ከኪሱም ብስኩቱን አወጣ፣ አንድ ሁለት ሳይሆን እፍኝ ሙሉ፣ ጉልበት ይሆነው ብሎ።

አስናቀች ከበሩ እስከዚያ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። የባሏን አንጓ በሁለት እጇ ያዘች።

«ሽንኩርት አለበት» አለች። «የቅቤውን ዝቃጭ አግብቼበት ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

ተስፋሚካኤል አያት። መጀመሪያ ያልገባው መሰለ። ከዚያ መዳፉን ተመለከተ፣ ጣቶቹን አጠፈ፣ ብስኩቱን ከዳማ አፍ አርቆ ወደ ኪሱ መለሰው።

«ምንድን ነው? እንጀምር እንጂ» አለ አቶ ኪሩቤል።

«ውሻው አይሮጥም» አለ ተስፋሚካኤል።

«እንዴት አይሮጥም?»

«ታሟል። ያሳመምኩትም እኔ ነኝ፤ መብላት የሌለበትን አበላሁት። ካሜራህን ትከል፣ ልጄ።»

አስናቀች እኔ ነኝ ልትል ስትጀምር ክንዷን ያዝ አድርጎ ዝም አሰኛት። ማሰሪያውን ከዳማ አንገት ፈታ፣ ሠላሳ ኪሎ የሚሆነውን ውሻ እንደ ሕፃን አቅፎ አነሳና ወደ በሩ ሄደ። ማንም አልከለከለውም።

ባጃጅ ውስጥ ዳማን በሁለታቸው ጭን ላይ አጋደሙት፣ ጭንቅላቱ በእሷ በኩል ሆነ። አስናቀች ቁጣውን ጠበቀች። ቢሰድባት፣ ቢጮህባት በወደደች። ባሏ ግን የውሻውን የጎን አጥንት በመዳፉ እየዳሰሰ ትንፋሹን ይቆጥራል። ቁጣ እንደሌለበት ስታይ ደግሞ ልቧ ትንሽ ቀለል አለ፤ ለአቶ ኪሩቤል የተናገረላትን አስታወሰች፣ ጥፋቷን በራሱ ላይ የጫነ ሰው ይቅር ብሏት ይሆናል አለች።

«ዝቃጩ እንደሚጎዳ አላወቅሁም» አለች። «ጾም ስለሆነ፣ እንዳይደፋ ብዬ ነው። በማርያም፣ አላወቅሁም።»

«አውቃለሁ» አለ ተስፋሚካኤል። «እኔም ባውቅ ኖሮ አልሰጠውም ነበር። እሱን አይደለም የምጠይቅሽ።»

«ምንድን ነው?»

«መቼ አወቅሽ?»

ባጃጁ የተቆፈረ መንገድ ላይ ተንገጫገጨ፣ ዳማ ዓይኑን ከፍቶ ጨፈነ። ውሻው እንደሚተርፍ ያን ጊዜ አንዳቸውም አያውቁም፤ የሌላ ውሻ ደም ተሰጥቶት፣ ሦስት ሳምንት ተኝቶ መትረፉ በኋላ የመጣ ነገር ነው። አስናቀች መዋሸት ትችል ነበር። አሁን ነው፣ ዛሬ ጠዋት ነው ብትል ያምናት ነበር፤ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር የነገረችውን ሁሉ አምኗታል።

«ማክሰኞ» አለች። «ሐኪሟ ስትጠይቅህ።»

ተስፋሚካኤል እጁን ከውሻው ጎን አነሳ። ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ እፍኙን ብስኩት አወጣና ጣቱ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ ሳይቀር በባጃጁ ጎን አራገፈው።

«ዛሬ ሐሙስ ነው፣ አስኔ» አላት።